አይዲ ከተቀማ በኋላ፦ የዩኒቨርሲቲ የዲሲፕሊን ክስ እንዴት ይታይ?

የዩኒቨርሲቲ ዲሲፕሊን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቅጣቱ ነው። ማን ተባረረ፣ ማን አንድ ዓመት ተቀጣ፣ ማን በማስጠንቀቂያ አለፈ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ግቢ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ተማሪዎች ሲያወሩ ብትሰሙ ጨዋታው እዚያው ላይ ነው። ከቅጣቱ በፊት ስላለው መንገድ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ልጁ መቼ ተነገረው? ምን ተብሎ ተከሰሰ? ማስረጃውን አይቷል? መልስ ለማዘጋጀት ስንት ቀን ተሰጠው? ውሳኔው ላይ ምክንያቱ ተጽፏል? እኔ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፍትሕ የሚለካው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱ ትክክል ከሆነ ከባድ ቅጣት የደረሰበት ተማሪ እንኳ ቢያዝንም ይቀበለዋል። መንገዱ ከተበላሸ ግን ተራ ማስጠንቀቂያም ቂም ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ እዚህ አካባቢ ክብደት አለው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢው ደሴ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው ያለው። በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የሐረጎ ዳገት አለ። ተማሪው በአገር አቀፍ ምደባ ከየክልሉ የሚመጣ ነው። ጅማ ያደገ አለ፣ ጎዴ ያደገ አለ፣ መቀሌ ያደገ አለ። ለእነዚህ ልጆች ግቢ ማለት መማሪያ ብቻ አይደለም። አልጋቸው እዚያ ነው፣ የሚበሉት እዚያ ነው፣ ሲታመሙ የሚታከሙት እዚያ ነው። ግቢ የወጣ ተማሪ በአንድ ቀን ቤቱንም ያጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው አንድን ተቋም ለይቶ አይደለም፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደውን አሠራር ነው የማየው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ጉዳያቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ይፈቅዳል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ሴኔቱ ነው፤ ተማሪውም መምህሩም "ሌጅስሌሽን" የሚሉት እሱን ነው። ሂደቱ እንደየተቋሙ ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ)፣ ፈታኝ ወይም የግቢ ጥበቃ ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱ ለተማሪዎች ዲን ይደርሳል። መምህራንና የተማሪ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ጉዳዩን ያያል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ኃላፊ ያጸድቃል። ያልተስማማ ተማሪ ለፕሬዚዳንቱ ይግባኝ ይላል። በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ባሉት ቀናት ነው።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው አይዲ መቀማት ነው። ጥበቃው ይይዘዋል፤ "ኮሚቴው ሲጠራህ ትመጣለህ" ይባላል። አይዲ የሌለው ተማሪ በር ላይ ይቆማል። ካፌ አይበላም። ላይብረሪ አይገባም። ፈተና ሊፈተን ሲቀመጥ ፈታኙ "አይዲህስ?" ይለዋል። ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም፤ ቅጣቱ ግን ጀምሯል። በሁለት ቀን ቢሰበሰብ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሰብሳቢው ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ሚድ ደርሷል፣ ኮረም አልሞላም እየተባለ ሳምንታት ሲያልፉ ግን ሌላ ነው። ልጁ በመጨረሻ ነፃ ነህ ቢባል እንኳ ያመለጠውን ክላስና ኩዊዝ የሚመልስለት የለም።

በእርግጥ ተማሪን ከግቢ ማራቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በጩቤ ሰው ያስፈራራ፣ ወይም የከሰሰችውን ልጅ ዶርም ደጃፍ ላይ እየጠበቀ የሚያስጨንቅ፣ ጉዳዩ እስኪታይ መራቅ አለበት። ይህ ጊዜያዊ እግድ ነው። ጊዜያዊ እግድ ግን የሚፈርምበት ኃላፊ፣ የተጻፈ ምክንያትና የሚያበቃበት ቀን ሊኖረው ይገባል። አይዲ በመቀማት የሚደረገው እግድ ሦስቱም የሉትም። ኮርጇል ተብሎ የተጠረጠረ ተማሪ ካፌ እንዳይበላ መከልከሉ ማንን ከምን ይጠብቃል? ማንንም። አይዲው ለማስረጃ የሚያስፈልግ ከሆነ በምትኩ ጊዜያዊ መግቢያ መስጠት ነው። አንድ ማኅተምና አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀጥሎ የክስ ወረቀቱ ይመጣል፤ ከመጣ። ብዙ ተማሪ መከሰሱን የሚያውቀው ስሙ ማስታወቂያ ቦርድ ላይ ተለጥፎ ሲያየው ነው። "ነገ በ8 ሰዓት እንድትቀርብ" ይላል፤ ስለምን እንደሆነ አይልም። ወይም "የዩኒቨርሲቲውን መመሪያ በመጣስህ" ይላል። ለዚህ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ክስ ሲባል እንዲህ ቢሆን ነው፦ "ታኅሣሥ 12 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የፕሮክተር ቢሮውን መስኮት በድንጋይ ሰብረሃል፤ ይህ ድርጊት በመተዳደሪያው በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ነው፤ የሁለት ምስክሮች ቃል ተያይዟል።" ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ ድርጊቱ አለ፣ ማስረጃው አለ። ተማሪው "በዚያ ምሽት ዘመድ ቤት ነበር ያደርኩት" ካለ ማጣራት ይቻላል። ከተሳሳተ ስሕተቱ ይታያል፣ ከዋሸም ውሸቱ ይያዛል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ክሱ በቂ ዝርዝር ኖሮት በጽሑፍ እንዲደርሰው ያዝዛል። ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድበት አስተርጓሚ የማግኘት መብትም አለው። ይህ የተጻፈው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴም ፍርድ ቤት አይደለም። ግን አስቡት። በፖሊስ ጣቢያ ደረጃ ለሚታይ ቀላል ስድብ ይህ ሁሉ ጥበቃ ካለ፣ የአራትና የአምስት ዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ለሚወሰንበት ተማሪ ግማሹ እንኳ ይበዛበታል ወይ? ቋንቋው በተለይ ችላ የሚባል ነገር ነው። ኮሚቴው አማርኛ ይናገራል፤ ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ሲገባ አማርኛ የሰማው በቴሌቪዥን ብቻ ሊሆን ይችላል። ተጨንቆ፣ ላቡ እየወረደ፣ በማይቀናው ቋንቋ የተናገረው ቃል "አምኗል" ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ቋንቋውን የሚችል አንድ ሰው አብሮት እንዲቀመጥ መፍቀድ ከባድ አይደለም።

"ይህን ሁሉ ካደረግንማ አጥፊ ሁሉ ያመልጣል" የሚሉ መምህራን አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ኮሚቴ ላይ የሚቀመጥ መምህር የሚያስተምረው ኮርስ አይቀነስለትም፤ የሕግ ትምህርት ላይኖረው ይችላል፤ ነገ ጠዋት የከሰሱትና የተከሰሱት ልጆች ሁለቱም ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮሪደር ላይ የሚዛትበትም አለ። እሱን የሚያድነው ግን አቋራጭ መንገድ አይደለም፤ በደንብ የተሠራ ፋይል ነው። አጥፊ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በፋይል ድክመት ነው። ምስክሩ ቃሉን ሳይፈርም፣ የተያዘው ዕቃ ሳይመዘገብ ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ሲደርስ ኃላፊው የሚይዘው ነገር ያጣል።

ኩረጃን እንይ። በብዛት የሚመጣው ክስ እሱ ነው። ፈታኙ አጤሬራ ወይም ስልክ ይይዛል፣ የፈተና ወረቀቱን ይነጥቃል፣ ልጁን ያስወጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴ ፊት "ወረቀቷ የኔ አይደለችም፣ ከወንበሩ ሥር ነው ያነሳት" ይላል። ወረቀቷስ የታለች? ፈታኙ ጥሏታል። ይህ በየግቢው የሚሰማ ነገር ነው። ፈታኙ ያኔውኑ የተያዘውን ነገር ከመልስ ወረቀቱ ጋር አያይዞ ሰዓቱን ቢጽፍ፣ ሁለተኛው ፈታኝ ቢፈርም፣ ተማሪውም "አይቻለሁ" ብሎ ቢፈርም ወይም "አልፈርምም" ማለቱ ቢመዘገብ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ልጁን ከክፍል ማስወጣቱም ግድ አይደለም። ፈተናውን ይጨርስ። ጥፋተኛ ከሆነ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ካልሆነ አዲስ ፈተና ማውጣት አያስፈልግም።

አዲሱ ራስ ምታት ደግሞ ቲሲስና አሳይመንት ላይ ነው። "ፕሮፖዛልና ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራምም በግቢ አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ቤቶችም ሞልቷል። አሁን ቻትጂፒቲ ተጨመረበት። መምህሩ ጽሑፉን አንድ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባና "80 ፐርሰንት በማሽን የተጻፈ" የሚል ውጤት ይዞ ይመጣል። በዚህ ቁጥር ብቻ ተማሪ መቅጣት ትልቅ ስሕተት ነው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ ለመለየት አውጥቶት የነበረውን መለያ ሶፍትዌር በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አቋርጦታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች የጻፏቸውን የቶፍል ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ፈትሸው፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በማሽን የተጻፉ ናቸው ብለው በስሕተት እንደፈረጁ አገኙ። የእኛ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው በሁለተኛ፣ አንዳንዱም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር፣ የተለመደ ቃል፣ ከመጽሐፍ የተጠና አገላለጽ ይጠቀማል። መለያዎቹ የሚጠረጥሩትም ይህን ነው። መምህሩ ከጠረጠረ ልጁን ጠርቶ ያናግረው። ይህን ዘዴ ለምን መረጥክ? ይህ ሠንጠረዥ ከየት መጣ? ረቂቆችህን አሳየኝ። ራሱ የሠራ ተማሪ ተጨናንቆም ቢሆን ይመልሳል። ያሠራ ደግሞ ሦስት ጥያቄ አያልፍም። የዚህ ውይይት ማስታወሻ ከየትኛውም ፐርሰንት የተሻለ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጅምላ ቅጣት ነው። ዶርም ውስጥ ሂተር ወይም ጫት ተገኘ፤ የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ እዚያ የሚያድሩት ሁሉ ይጠራሉ። "ካልተናገራችሁ ሁላችሁም ትቀጣላችሁ።" በድሮው ዘመን በአፈርሳታ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አጥፊው ካልታወቀ ሁሉም በጋራ ይከፍል ነበር። ያኔ ፖሊስም የምርመራ ዘዴም ባልነበረበት አገር ነው። ዛሬ ዶርም ውስጥ ይህን መድገም ግን ተማሪዎችን ወይ ዋሽተው እንዲጠቁሙ፣ ወይ ያላጠፉትን እንዲከፍሉ ያስገድዳል። የተሰበረ አልጋ ዋጋ በጋራ ማስከፈልና ዲሲፕሊን ማኅደር ላይ ስም ማስፈር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የዕቃ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የሰው ስም ነው፤ የእያንዳንዱ ድርጊት በተናጠል ሳይረጋገጥ መደረግ የለበትም።

ግቢ ሲረበሽ ይህ አደጋ እጥፍ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደሴ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሳ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ። ችግሩ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን አገዱ፣ አሰናበቱ፤ ፌዴራል ፖሊስም ግቢ ገባ። ሰው የገደለና ሰው ያነሳሳ መጠየቅ አለበት፤ በዚህ ጥያቄ የለኝም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሰሞን ስም ዝርዝር በችኮላ ይዘጋጃል። ፎቶ ላይ የታየ፣ ድምፁ የተሰማ፣ ወይም ከአንድ አካባቢ የመጣ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እያንዳንዱ ስም አጠገብ "ምን አደረገ?" የሚለው ካልተሞላ፣ ዝርዝሩ ማን እንዳጠፋ ሳይሆን ማን እንደተጠረጠረ ብቻ ነው የሚናገረው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተከሳሹ ነው። ከሳሿስ? ጾታዊ ትንኮሳ የደረሰባት ተማሪ ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ከተከሳሹ የባሰ ሰቀቀን ያለባት እሷ ናት። ጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ተከሳሹ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። "ለምን በዚያ ሰዓት እዚያ ተገኘሽ?" ትባላለች። በማግስቱ ነገሩን ዶርሙ ሁሉ ያውቀዋል። ይህም የመንገድ ብልሽት ነው። ቃሏን ለብቻዋ ሰምቶ መዝግቦ፣ ተከሳሹ ጥያቄውን በሰብሳቢው በኩል በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። እሱም የመጠየቅ መብቱ አይነካም፤ እሷም አፍጥጠው አይመለከቷትም። ስሟ ማስታወቂያ ቦርድ ላይ አይለጠፍ። ተከሳሹ መምህር ከሆነ ደግሞ ውጤቷን እሱ እንዳይሞላ ወዲያውኑ ይደረግ።

እዚህ ላይ ሽምግልና ይመጣል። ወሎ በዕርቅ የታወቀ አገር ነው። አበጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሳይቀር ያስታርቃሉ፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግቢውም ሊማርበት ይገባል። ሁለት ጓደኛሞች በኳስ ተጣልተው ቢደባደቡ፣ አንዱ የሌላውን ላፕቶፕ ቢሰብር፣ ከአንድ ዓመት እገዳ ይልቅ ተካሱና ታረቁ ማለት ይሻላል። የበደለው ይክሳል፣ የተበደለው ይካሳል፣ ሁለቱም ይማራሉ። ጾታዊ ጥቃት ግን ለሽምግልና አይቀርብም። ልጅቷን "ይቅርታ አድርጊለት፣ ሊመረቅ ነው፣ እናቱ መጥታለች" እያሉ ማስጨነቅ ሁለተኛ ጥቃት ነው። አስገድዶ መድፈር ወንጀል ነውና መሄጃው ፖሊስና ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲውም የፍርድ ቤቱን ውጤት ካልሰማሁ ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው "ይታሰር ወይ?" ብሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ "ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ሊኖር ይችላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አለበት።

ወደ ቅጣቱ ስንመጣ አንድ የሒሳብ ነገር አለ። ኮሚቴዎች "አንድ ሴሚስተር ብቻ" ብለው አቃለው ይቀጣሉ። ብዙ ኮርስ ግን የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። አንደኛው ሴሚስተር ላይ የታገደ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁለተኛው ላይ ሲመለስ ያመለጠውን ኮርስ አያገኘውም፤ እሱን ሳይወስድ ቀጣዩንም መውሰድ አይችልም። አንድ ሴሚስተር የተባለው አንድ ዓመት ሆነ። ጤና የሚማር ከሆነም ባቹ ቀድሞት ሄዷል። ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ሬጅስትራሩን "ይህ ልጅ ቢታገድ መቼ ይመረቃል?" ብሎ ቢጠይቅ ቅጣቱ ያሰበው ያህል መሆኑን ያውቃል። ይህን የሚጠይቅ ኮሚቴ ብዙም የለም።

በመጨረሻ ውሳኔው ይመጣል። "ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ ለአንድ ዓመት እንድትታገድ ወስኗል።" አንድ መስመር። የትኛውን ምስክር አመኑ? የልጁን መልስ ለምን ጣሉት? ከማስጠንቀቂያ አልፈው እገዳ ለምን መረጡ? አይታወቅም። ይግባኝ ማለት ውሳኔው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማሳየት ነው። ምክንያት በሌለው ውሳኔ ላይ የተጻፈ ይግባኝ ልመና ከመሆን አያልፍም። "ድሃ ነኝ፣ ቤተሰቤ ተስፋ የሚያደርገው እኔን ነው" የሚሉ ማመልከቻዎች የሚበዙት ለዚህ ነው። ልጆቹ የሚከራከሩበት ነገር አልተሰጣቸውም።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስፈፃሚ ተቋማት ውሳኔ ሲሰጡ ባለጉዳዩን እንዲሰሙ፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያደርጉ ያዝዛል። በተቋሙ ውስጥ ቅሬታ አቅርቦ መፍትሔ ያጣ ሰው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ በእኔ አረዳድ አዋጁ እነሱንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። ግን ጠበቃ መክፈል የማይችል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህን መንገድ ጀምሮ እስኪጨርስ ባቹ ይመረቃል። ስለዚህ ነገሩ መስተካከል ያለበት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ውሳኔው ሁለት ኮፒ ሆኖ አንዱ በተማሪው እጅ ይግባ። ደሴና ኮምቦልቻ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሌላው በላይ ያውቃሉ። በ2014ቱ ጦርነት ዩኒቨርሲቲው ክፉኛ ተዘርፏል፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ፋይል ሁልጊዜ እዚያው ይቆያል ማለት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኑ ይስተካከል። አሁን በተለመደው አሠራር ተማሪው ይግባኝ የሚልበት ጥቂት የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በዚያው ደብዳቤ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ዶርም እንዲለቅ ይታዘዛል። ዘመድ የሌለው ልጅ የት ሆኖ ይግባኙን ይጻፍ? ደሴ ላይ አልጋ ተከራይቶ? ኮምቦልቻ ያለውማ ማመልከቻውን ለማስገባት ሐረጎን ወጥቶ መመለስም ሊኖርበት ነው። ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው መናኸሪያ ይሄዳሉ፤ የይግባኙ ቀን አውቶቡስ ላይ እያሉ ያልቃል። ተማሪው ለሌላ ሰው አደጋ እስካልሆነ ድረስ የይግባኙ ጊዜ እስኪያልፍ፣ ይግባኝ ካለም መልስ እስኪያገኝ፣ ዶርሙም ካፌውም ይፈቀድለት። ሴኔቱ በአንድ ስብሰባ ሊያጸድቀው የሚችል አንድ አንቀጽ ነው፤ በጀትም አይጠይቅም።